የባቲ የሰኞ ገበያ፦ ፍየልና ግመል ለሚገዛ ሰው

ወሎ ውስጥ ፍየል ወይም ግመል ለመግዛት ከባቲ የተሻለ ገበያ የለም። የእርሻ በሬ፣ የወተት ላም ወይም የደጋ በግ ለሚፈልግ ግን ባቲ ድረስ መውረዱ ድካሙን አያካክስም። ይህን አስቀድሞ መናገሩ ይሻላል፤ ብዙ ሰው የገበያውን ዝና ብቻ ሰምቶ ይሄድና ያላሰበውን እንስሳ ባላሰበው ዋጋ ገዝቶ ይመለሳል። ባቲ ያላትን ሁሉ ሜዳ ላይ ታወጣለች፤ ለገዛችሁት ነገር ግን ዋስትናው የራሳችሁ እጅና ዓይን ነው።

ከተማዋ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወርደው አስፋልት ላይ፣ ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ግድም ርቃ ትገኛለች፤ ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር አካባቢ ነው። ከጀርባዋ የወሎ ደጋ፣ ከፊቷ የአፋር ቆላ ነው። ሰኞ ሰኞ አፋሩ ፍየሉንና ግመሉን እየነዳ ይወጣል፤ ኦሮሞው፣ አማራውና አርጎባው ጤፉን፣ ማሽላውን፣ ቡናውንና ጨርቁን ይዞ ይጠብቀዋል። በአንዲት ፍየል ዙሪያ ሦስት ቋንቋ ሲነገር መስማት እዚህ ብርቅ አይደለም። አፋርኛ ወይም ኦሮምኛ የሚችል ሰው አብሯችሁ ካለ የሥራው ግማሽ ተሠራ ማለት ነው።

የገበያው አለኝታ ፍየሉ ነው። በቆዳ ነጋዴዎች ዘንድ የባቲ ፍየል ቆዳ ራሱን የቻለ ስም አለው፤ ወፈር ያለ፣ በደንብ የሚተጣጠፍ፣ የውስጥ ገጹ የጠራ በመሆኑ ስዊድ ለሚባለው፣ ከውስጥ ገጹ ለሚሠራው ለስላሳ ቆዳ ይመረጣል። የባቲ ፍየል የሚባለው በብዛት ቀይ ወይም ዳማ፣ ጠጉሩ አጭርና የሚያብለጨልጭ፣ ሰውነቱ ሞላ ያለ ነው። ከታች ከሜዳው የሚመጣው የአፋር ፍየል ደግሞ እግረ ረጅም፣ ፊቱ ጠበብ ያለ፣ ቀንዱ ወደ ላይና ወደ ኋላ የሾለ፣ ሥጋው ቀለል ያለ ነው። ለሥጋና ለድለባ የመጀመሪያው ያዋጣል። ድርቅ በሚበረታበት ቆላ ለሚያረባና ወተት ለሚፈልግ ሁለተኛው ይበልጣል። ነጋዴው ቀይ የሆነውን ሁሉ «የባቲ ነው» ስለሚል ቀለሙን ትታችሁ ደረቱንና ወገቡን እዩ።

ዕድሜ የሚታወቀው አፍ ከፍቶ ነው። ፍየል ከላይ የፊት ጥርስ የለውም፤ ከታች 8 ናቸው። ሁሉም ትናንሽ የወተት ጥርስ ከሆኑ እንስሳው ዓመት አልሞላውም ወይም ገና እየሞላው ነው። መካከለኞቹ ሁለቱ ወድቀው ሰፋፊ ከተተኩ ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ተኩል፣ አራት ከሆኑ ወደ ሁለት ዓመት፣ ስድስት ከሆኑ ወደ ሦስት፣ ስምንቱም ከተተኩ አራት ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። ለዐረፋ እርድ የሚገዛ ሰው ሁለት ጥርስ ያወጣውን ከያዘ ስለ ዕድሜው አይጨነቅም፤ ፍየል ለኡዱሕያ፣ ማለትም ለዐረፋው መሥዋዕት፣ ዓመት ሞልቶት ሁለተኛውን የያዘ መሆን አለበት። አንካሳ፣ አንድ ዓይና፣ በግልጽ የታመመና መቅኔው የደረቀ ከሲታም አይሆንም። ስለዚህ ፍየሉን ሳታስነዱት አትግዙ። ባለቤቱ ገመዱን ይዞ አሥር እርምጃ ያስኪደው፤ ቆሞ የማይታይ ማነከስ ሲሄድ ይታያል። ለርቢ ሴት የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ጥርሶቿ ተሸራርፈው ወይም ተፈናቅለው እንደሆነ አስተውሉ፤ እንዲህ ያለችው መኖ አኝካ አትጠግብም፣ ግልገሏንም አታጠግብም። ሁለቱንም ጡቶች ጨብጣችሁ እዩ። ድድር ያለ እብጠት ካለ ወተት የለም።

ከጥርስ ቀጥሎ ወገብ ነው። ከመጨረሻው ጎድን በስተኋላ ባለው የወገብ አጥንት ላይ እጃችሁን አሳርፉ። የአከርካሪው ጫፍና የጎኖቹ አጥንቶች ለየብቻ እየወጉ ከተሰሙ ከሲታ ነው፤ አጥንቱ የሚሰማው ጫን ሲሉት ብቻ ከሆነ ደህና ሥጋ አለው፤ ጫን ብላችሁም ካጣችሁት ደልቧል። ጠጉርና የሞላ ሆድ ያታልላሉ፤ ወገብ አያታልልም። በሙክት ላይ ፍርምባውንም ጨብጡ፤ የደለበ ሙክት ፍርምባው እጅ ይሞላል። ሙክት ተብሎ የቀረበው በእርግጥ የተኮላሸ መሆኑንም በእጅ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ቅርብ ጊዜ በፒንሳ የተኮላሸ ወጠጤ ጠረኑ ገና አይለቅም፤ ሥጋውም ያንን ጠረን ይዞ ምጣድ ላይ ይወጣል።

በብዛት የሚሠራው ማታለያ ጨው አስልሶ ውሃ ማጠጣት ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ሦስት ሊትር የጠጣ ፍየል በአንድ ጠዋት ሦስት ኪሎ የጨመረ ይመስላል። ግራ ጎኑን በጡጫችሁ ጫን በሉት። ቅጠል የበላ ሆድ እንደ ሊጥ እጅ ይቀበልና ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ ውሃ የሞላው ሆድ ይንቦጫረቃል፣ ወዲያውም ይነጥራል። እንዲህ ያለውን እንስሳ አለመግዛት ነው፤ መግዛት ካማራችሁ ደግሞ ውሃውን ከዋጋው ቀንሱ።

እንደ አብዛኛው የሀገራችን የከብት ገበያ ሽያጩ በዓይን ግምት ስለሆነ የልብስ ሰፊ ሜትር ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። ከፊት እግሮቹ ጀርባ ደረቱን ዙሩና በሴንቲ ሜትር ለኩ፤ ከዚያ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንቱ ያለውን ርዝመት ለኩ። የደረቱን ዙሪያ በራሱ አባዙት፣ በርዝመቱ አባዙት፣ ለ10,840 አካፍሉት፤ የሚወጣው ቁጥር በኪሎ የሚገመት ክብደት ነው። የደረቱ ዙሪያ 70፣ ርዝመቱ 65 የሆነ ፍየል 29 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ ታርዶ፣ ተገፎ፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ የሚቀረው ሥጋ ከነአጥንቱ ከ40 እስከ 45 በመቶ ነው፤ ከ12 እስከ 13 ኪሎ ማለት ነው። የተጠራውን ዋጋ ለዚህ አካፍላችሁ ከሰፈራችሁ ልኳንዳ ጋር አመዛዝኑት። በዚህ ስሌት ባቲ ብዙውን ጊዜ ያዋጣል፤ የማያዋጣው አንድ ፍየል ብቻ ገዝቶ የመኪና ኮንትራት ለሚከፍል ሰው ነው። ዋጋው ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥ እዚህ ቁጥር መጻፉ አይጠቅምም።

ጤናን በተመለከተ መጀመሪያ አንዱን ፍየል ሳይሆን አብሮት የመጣውን መንጋ እዩ። ከመካከላቸው አንዱ አፍንጫው እየፈሰሰ፣ ዓይኑ ተጣብቆ፣ ከንፈሩ ቆስሎና ከጭራው ሥር በተቅማጥ ጨቅይቶ ከታየ ሁሉንም ተዉአቸው። ደስታ መሰል የሚባለው የበግና የፍየል ወረርሽኝ እንዲህ ነው የሚጀምረው፤ ምልክት ሳያሳይ ቀናት ስለሚቆይ ዛሬ ደህና የሚመስለው ጎረቤቱ ቤታችሁ ደርሶ ይወድቃል። አንገቱን ዘርግቶ፣ የፊት እግሮቹን ወደ ውጭ ከፍቶ የሚያስል ፍየል ደግሞ በሳንባ በሽታ ይጠረጠራል። ከዚያ የታችኛውን የዓይን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርጉ። ውስጡ ቀላ ካለ ጥሩ ነው፤ ከነጣ ደሙን የሆድ ትል ጨርሶታል። ከአገጩ ሥር ያበጠ ከሆነም ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

ቆዳውን ለመሸጥ ያሰበ ሰው ጠጉሩን በጣቱ ገልጦ ይመልከት። ቅማልና ሌሎች የውጭ ተባዮች የሚተዉት እከክ በጠጉር ተሸፍኖ አይታይም፤ ፋብሪካ ደርሶ ጠጉሩ ሲነሳ ግን ገጹ ሁሉ በነጠብጣብ ተሞልቶ ይገኛል። እሾህ የቧጨረውና መተኮሻ ያረፈበት ቆዳም ደረጃው ይወርዳል። የባቲን ያህል ስም ያለው ቆዳ በሁለት ዙር የተባይ ርጭት ሊድን ሲችል እንዲህ ሲባክን ማየት ያሳዝናል።

ደላላን በተመለከተ ብዙ ሰው «ከደላላ ራቁ» ይላል። ባቲ ላይ ይህ ምክር አይሠራም። ደላላው አስተርጓሚ ነው፤ ከዚያም በላይ ሻጩን ያውቀዋል። እንስሳው የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ የሚጠየቅ ሰው መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። አርብቶ አደሩ በእንስሳው ጆሮ ቅድና በመተኮሻ ምልክቱ ንብረቱን ይለያል፤ ምልክቱ ከሻጩ ጋር የማይሄድ እንስሳ ደላላው ራሱ አይነካውም። ማድረግ ያለባችሁ ሁለት ነገር ነው፦ የድለላውን ክፍያ እንስሳ ከማየታችሁ በፊት በአንድ እንስሳ ይህን ያህል ብሎ መቁረጥ፣ ከሻጩም እንደሚቀበል ማወቅ። ደላላው ሽያጩ እንዲያልቅ እንጂ ዋጋው እንዲቀንስላችሁ አይደክምም፤ መከራከሩ የእናንተ ሥራ ነው።

ክርክሩ ለዛ አለው። ሰላምታውን አታሳጥሩ፤ አፋሩ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሰላሙ ሳይጠይቅና ሳይጠየቅ ወደ ዋጋ አይገባም። ዳጉ የሚባለው የወሬ ልውውጥ ይህ ነው፤ ባለፈው ሳምንት የሌላ ቦታ ዋጋ ስንት እንደነበረ ሻጩ ከእናንተ ቀድሞ የሚያውቀውም በእሱ ነው። ከአገሬው ሽማግሌ ጋር ሲሆን ንግግሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሄዳል፦

«ሼኹ፣ ስንት ይላሉ?»

«አንተ ጥራ እንጂ ልጄ። ገና ለጋ ነው፣ ሁለት ጥርስ ነው እኮ።»

«አራት ሆኗል አባባ፣ ከፍቼ አይቻለሁ። ወገቡም እጅ ይወጋል፤ ይቀንሱልኝ።»

«አብሽር፣ እንስማማለን። ትንሽ ጨምርና ውሰደው።»

ጥርሱንና ወገቡን ጠቅሶ የሚናገር ገዢ ፊት ዋጋው ቶሎ ይወርዳል፤ ሻጩ የሚያውቅ ሰው ፊት መቆሙን ይረዳል። የጠራችሁትን ዋጋ ሻጩ ከተቀበለ ግን ወደ ኋላ ማለት ነውር ነው፣ የደላላውንም ፊት ያሳጣል። ስለዚህ የማትከፍሉትን አትጥሩ። «በረካ ያርግልህ» ከተባለ በኋላ ገንዘቡን ቆጥራችሁ፣ ገመዱን ተቀብላችሁ፣ የኮቴውን ቀረጥ ከፍላችሁ ደረሰኙን ያዙ። ያለ ደረሰኝ የጫነ ሰው ኬላ ላይ ይንገላታል። ከአንድ ወረዳ ወደ ሌላ ብዙ እንስሳ የሚያጓጉዝ ከሆነ የእንስሳት ጤና ባለሙያ የሚሰጠውን የጤና ማረጋገጫም ከመጫኑ በፊት ይጠይቅ።

ሰዓቱን በተመለከተ እሁድ ማታ ኮምቦልቻ ወይም ባቲ ማደር ይሻላል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ መንጋው ሲገባ ቆማችሁ እዩ፤ ጥሩዎቹን እንስሳት ነጋዴዎች ከከተማው መግቢያ ጀምረው ይቀበላሉ፣ በረፋዱም እዚያው ገበያ ላይ አትርፈው መልሰው ይሸጧቸዋል። አርብቶ አደሩ እህልና ስኳር ገዝቶ ሳይመሽ ለመመለስ ስለሚቸኩል በጠዋት በቀጥታ ከእሱ የገዛ ያተርፋል። ከ4 እስከ 6 ሰዓት ገበያው ይደራል፣ ምርጫውም ይሰፋል፣ ዋጋውም ይከብዳል። ከ8 ሰዓት በኋላ ዋጋ ይለዝባል፤ የቀረው ግን ሌላው አይቶ የተወው ነው። ዋጋ ለማመዛዘን የፈለገ ሰው በአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ላይ ያለውን የሰንበቴን የእሁድ ገበያ አይቶ በማግስቱ ባቲ መድረስ ይችላል።

ከወቅቶች ሁሉ አፋሮች ካርማ ከሚሉት የክረምት ዝናብ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ይበልጣል። ቆላው ቅጠል ስለጠገበ ፍየሉ ወፍሮ ይመጣል። ከጥር በኋላ ሱጉም እስከሚሉት የበልግ ዝናብ ድረስ እንስሳው እየከሳ፣ እህል እየተወደደ ስለሚሄድ አፋሩ በርካሽም ቢሆን ይሸጣል፤ ያን ጊዜ ገዝቶ ለ90 ቀን ያህል የሚያደልብ ጥሩ ያተርፋል፣ ወዲያው ለሚያርድ ግን አጥንት መግዛት ነው። ለዐረፋ፣ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ የሚገዛ ሰው ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድሞ ይውረድ።

ግመሉ ጥሩ ነው፣ ግን ብቻውን መግዛት ለማያውቅ አይሆንም። ቋሚ የፊት ጥርስ ማውጣት የሚጀምረው አምስት ዓመት አካባቢ ነው፤ ለዐረፋ እርድ የሚፈለገውም አምስት የሞላው ስለሆነ ሁለት ጥርስ እዚህም ምልክት ይሆናል። አንድ ግመል ለሰባት ሰው ይበቃል። ሻኛው ጠንከር ብሎ ቀጥ ያለ ይሁን፤ ወደ ጎን የተኛ ሻኛ የረሃብ ወይም የሕመም ምልክት ነው። የኮርቻ ቁስል በጨርቅ ወይም በጭነት ይሸፈናልና አስወርዳችሁ እዩ። አንበርክካችሁም አስነሱት፤ ሲነሳ የሚያቃስት ወይም አንዱን እግር የሚቆጥብ ይቅር። የሚበላ ግን እየከሳ የሚሄድ፣ ትኩሳቱ እየመጣ የሚሄድበት ግመል በዝንብ በሚተላለፈው ሱራ ይጠረጠራል። ሴቷ እርጉዝ ናት ከተባላችሁ ወንድ ግመል ሲቀርባት ተመልከቱ፤ የያዘች ግመል ጭራዋን ወደ ላይ ታቆማለች። የግመል እርግዝና 13 ወር ገደማ ስለሆነ «ልትወልድ ነው» የሚለውን ቃል ብቻ አምናችሁ ዋጋ አትጨምሩ።

በሬና ላም አሉ፣ ምርጫው ግን ይሳሳል፤ የለመደ የእርሻ በሬ ከሚታረስበት አገር፣ ከደጋው ገበያ ቢገዛ ይሻላል። ጆሮ አጭሩ የአፋር በግ ለቆላ ጠንካራ ነው፤ ደሴ ላይ ብርዱን አይወደውም። ከእንስሳው ወዲያ ያለው የቅቤው፣ የሰሌኑና የእህሉ ተራ ለማየት ደስ ይላል። ቅቤ ስትገዙ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከመካከሉ አስወጥታችሁ ቅመሱ። ሰው ፎቶ ለማንሳት አስቀድሞ መጠየቅ የግድ ነው።

የቦታው ጉድለት ግን በግልጽ መነገር አለበት። እንዲህ ስመ ጥር ለሆነ ገበያ ጥላው፣ የእንስሳ መጠጫ ውሃውና መጸዳጃው አይመጥኑትም። ከሁሉም በላይ ሚዛን ያስፈልጋል። እንስሳው ገብቶ የሚመዘንበት አንድ የቀፎ ሚዛን በገበያው ጥግ ቢቆም ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ፍየሉን ነድቶ የመጣው ሰው የደከመበትን ያገኛል፣ ገዢውም ውሃ አይገዛም። እንስሳው መኪና ላይ የሚወጣበት መወጣጫም እንደዚሁ፤ ፍየል በቀንዱና በእግሩ ተንጠልጥሎ ሲጫን እግሩ ይወለቃል፣ ሥጋው ይቆስላል፣ ቆዳው ይበላሻል። መወጣጫ ከሌለ አይሱዙውን ከአፈር ክምር ወይም ከጉብታ ጋር ጀርባውን አስጠግታችሁ ራሱ እየሄደ እንዲገባ አድርጉ።

አጫጫኑ በአንድ ካሬ ሜትር ከ3 እስከ 4 ፍየል ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ አንዱ ወድቆ ይረገጣል፣ በጣም ከሳሳም በጠመዝማዛው መንገድ እርስ በርሳቸው ይላተማሉ። ወለሉ ላይ አሸዋ ወይም ጭድ ይበተን። ግመልና ፍየል አይደባለቁ። በቀትር ከመጫን ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ መነሳት ይሻላል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከአፋር ሜዳ የወጣ ፍየል በአንድ ቀን ውስጥ ከሐሩር ወደ ብርድ ይገባል። ጉዞው ካደከመው፣ ብርዱ ከመታው በኋላ በሳምንቱ ውስጥ ሳል የሚይዘውና የሚሞተው ለዚህ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ነፋስ በማይገባበት፣ ደረቅ ጭድ በተነጠፈበት በረት ይደር።

ቤት ሲደርስ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ስጡት፣ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ቅጠልና ድርቆሽ ብቻ ይብላ። በቅጠል ያደገ ሆድ በድንገት እህል ከገባበት ይነፋል፣ ይመረዛል፤ ገዢው «በሽተኛ ሸጡልኝ» የሚለው ፍየል ብዙ ጊዜ የሞተው በበላው በቆሎ ነው። ፉርሽካውን በአንድ እፍኝ ጀምሮ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማሳደግ ነው። የትል መድኃኒት በክብደቱ ልክ ይሰጠው፤ ሴት ከሆነች ግን አልቤንዳዞል በእርግዝና መጀመሪያ ጽንስ ስለሚጎዳ አስቀድሞ የእንስሳት ሐኪም ይያት። ክትባት መከላከያ ለመገንባት ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚፈጅ በመጣ ሰሞን ጤነኛ መሆኑ እንደታየ ይከተብ። እስከ 21 ቀን ድረስ ከነባሩ መንጋ ጋር በአንድ ገንዳ አይጠጣ፣ በአንድ በረት አይደር፤ እረኛውም መጀመሪያ ነባሮቹን፣ በመጨረሻ አዲሶቹን ያብላ።